የወገብ ህመም፦ ታግሶ የሚያልፈው እና ለነገ የማይባለው

በየመስጂዱ በሶፉ ጫፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ ሰዎችን ማየት የተለመደ ነው። ጉልበት ያስቸገራቸው አሉ፤ ወገብ የያዛቸውም ጥቂት አይደሉም። ስለ ህመማቸው ሲያወሩ ስንሰማ ሁለት ዓይነት ሰው እናገኛለን። አንዱ ወገቡን ባመመው በሦስተኛው ቀን ኤምአርአይ ተነስቶ፣ ሁለት ስፔሻሊስት ዘንድ ሄዶ፣ "ዲስክህ ወጥቷል" ከተባለ ጀምሮ ጎንበስ ማለት የፈራ ነው። ሌላው እግሩ መደንዘዝ ከጀመረ ወራት ያለፈው፣ ሌሊት በላብ የሚጠመቅ፣ ልብሱ እየሰፋው የሄደ፣ ግን "ብርድ ነው፣ ያልፋል" እያለ የተቀመጠ ነው። የመጀመሪያው የከሰረው ገንዘብና የአእምሮ ሰላም ነው። ሁለተኛው ሊያጣ የሚችለው ግን መራመድን ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን መለያ መስመር ለማሳየት እንሞክራለን። የትኛው ህመም ትዕግስት ይበቃዋል? የትኛው በዚህ ሳምንት ሐኪም ይፈልጋል? ሌሊትም ቢሆን የሚያስሮጠውስ የቱ ነው?

በመጀመሪያ የሚያረጋጋውን እንናገር። የወገብ ህመም በዓለም ላይ ሰዎችን ከሥራና ከእንቅስቃሴ በማስተጓጎል ቀዳሚው የጤና ችግር ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንዳለባቸው ተገምቷል፤ በ2050 ወደ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎም ይታሰባል። ከአስር ሰዎች በዘጠኙ ገደማ ላይ ግን ሐኪም "ይኸው መንስኤው" ብሎ የሚያሳየው የተለየ በሽታ አይገኝም። ጡንቻው፣ ጅማቱ ወይም የአከርካሪ አንጓዎቹ መጋጠሚያ ተጎድቶ ነው። ይህ በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ከስድስት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ፣ በራሱ እየቀለለ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። የህመሙ ኃይል የበሽታውን ክፋት አይለካም። ውኃ የሞላ ጀሪካን ሲያነሳ ወገቡ ተይዞ መቀናት ያቃተው ሰው እየጮኸ ሊያድርና በሁለት ሳምንት ውስጥ ደህና ሊሆን ይችላል። አከርካሪው ውስጥ ኢንፌክሽን የገባበት ሰው ደግሞ ለወራት "ትንሽ ይከረክመኛል" ብቻ ሊል ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው "ምን ያህል ያማል?" ሳይሆን "ከህመሙ ጋር ምን አብሮ መጣ?" የሚለው ነው።

ምንም ሌላ ምልክት ለሌለው ህመም መድኃኒቱ መንቀሳቀስ ነው። አልጋ ላይ መዋል ከአንድ ከሁለት ቀን በላይ ሲሆን ጡንቻውን ያዝላል፤ ህመሙንም ያራዝማል። ቀስ ብሎ መራመድ፣ ወገብን ማሞቅ፣ ሆድንና ጀርባን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ መሥራት የተሻለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥር ለሰደደ የወገብ ህመም ባወጣው መመሪያ የአካል እንቅስቃሴንና ስለ ህመሙ በቂ ማብራሪያ ማግኘትን ሲመክር፣ በየፋርማሲው የሚሸጠውን የወገብ ቀበቶ ግን በመደበኛነት እንዳይታዘዝ ብሏል። ቀበቶውን ገዝቶ ወራት ሙሉ የታጠቀ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

እግረ መንገዳችንን ስለ ኩላሊት እናንሳ። አገራችን ውስጥ ወገቡን ያመመው ሰው ቀድሞ የሚከሰው ኩላሊቱን ነው። የኩላሊት ህመም በአብዛኛው ከጎድን አጥንት ሥር በአንድ ጎን የሚሰማ ነው፤ ጎንበስ ቀና ማለት አይለውጠውም፤ ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲሸኑ ማቃጠል ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት አብሮት ይመጣል። በእንቅስቃሴ የሚብስና የሚቀንስ ህመም ግን ብዙውን ጊዜ የወገብ ነው። ጥርጣሬ ካለ ቀላል የሽንት ምርመራ ጤና ጣቢያም ይሠራል።

ሌሊትም ቢሆን የማይታደርበት

ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው ከወገብ ላይኛው ክፍል ነው። ከዚያ በታች የሚወርዱት ነርቮች ተሰብስበው የፈረስ ጭራ ስለሚመስሉ ሐኪሞች በላቲኑ ስም "ኮዳ ኢኩዋይና" ይሏቸዋል፤ ትርጉሙም ያው የፈረስ ጭራ ነው። እግርን፣ ሽንትን፣ ሰገራን እንዲሁም የመቀመጫንና የብልትን አካባቢ ስሜት የሚያስተዳድሩት እነዚህ ናቸው። ትልቅ የዲስክ ቁራጭ ወጥቶ፣ ወይም እጢ ወይም መግል ሁሉንም በአንድ ላይ ሲጫናቸው፣ የሚጠበቀው ሰዓት እንጂ ሳምንት አይደለም።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ሽንት ፊኛ ሞልቶ ሳለ አልወርድ ማለት፣ ወይም ሳያውቁት ማምለጥ። ሰገራን መቆጣጠር ማቃት። በቅሎ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻ የሚነካው ቦታ ሁሉ መደንዘዝ። ህመሙ ወደ ሁለቱም እግሮች መውረድ ወይም ሁለቱም እግሮች መዛል። ለባለትዳሮች ደግሞ የግንኙነት ስሜት በድንገት መጥፋት።

እኛ ሙስሊሞች ይህን ቀድመን የምናውቅበት አጋጣሚ አለን። በቀን ደጋግመን ኢስቲንጃእ እናደርጋለን። ውኃው ሲነካን እንደ ወትሮው የማይሰማን ከሆነ፣ ቀዝቃዛና ሙቁን መለየት ካቃተን፣ ይህ "ወገቤ ስላመመኝ ነው" ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ውዱእ ቶሎ ቶሎ የሚፈርስበት፣ ሽንቱ የሚያመልጠው ሰውም እንዲሁ። ብዙ ሰው የዚህን የፊቅህ ብይን ኡስታዙን ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ነገሩ ከወገብ ህመም ጋር በቅርቡ የጀመረ ከሆነ ግን ከኡስታዙ በፊት ሐኪሙ ሊሰማው ይገባል።

ሐያእ ትልቅ ጸጋ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ሰው ሊያሽመደምድ ይችላል። በሽተኛው "ወገቤን አመመኝ" ብቻ ብሎ ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል፤ ዋናውን ነገር አልተናገረምና ሐኪሙም አልጠረጠረም። እህቶቻችን ሴት ሐኪም እንድትመረምራቸው፣ ካልሆነም ሴት ነርስ አብራ እንድትገኝ መጠየቅ ይችላሉ። ሴት ሐኪም ጠፍታ እስከ ነገ መጠበቅ ግን አይገባም፤ በዶሩራ ጊዜ የተቃራኒ ፆታ ሐኪም ለሕክምና በሚያስፈልገው ልክ እንዲመረምር ዑለማዎች መፍቀዳቸው የታወቀ ነው።

እነዚህን ምልክቶች ያየ ሰው ወደ ተመላላሽ ሕክምና ካርድ ክፍል ሳይሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ የሚቻል ከሆነም የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል። ቀዶ ሕክምናው በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያም በፈጠነ መጠን፣ ሲደረግ የሽንት መቆጣጠሩና የእግሩ ጉልበት የመመለስ ዕድሉ የተሻለ ነው። ካርድ ሲያወጡም "ወገብ" ብቻ ሳይሆን "ሽንቴን መቆጣጠር አቅቶኛል" ወይም "መቀመጫዬ ደንዝዟል" ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ።

የእግር መዛልም በተራው ከባድ ምልክት ነው። ቤታችሁ ውስጥ በተረከዝ ብቻ፣ ቀጥሎ በጣቶች ብቻ ጥቂት እርምጃ ሂዱ። አንደኛው እግር እምቢ ካለ፣ ነጠላ ጫማ ሳይታወቃችሁ ከእግር የሚወልቅ ከሆነ፣ ወይም ደረጃ ላይ የእግር ጣት የሚያደናቅፋችሁ ከሆነ ነርቩ እየተጎዳ ነው። ድንገት የመጣ ወይም በየቀኑ የሚብስ ከሆነ የዛሬ ጉዳይ ነው። እግር ላይ ህመምና መውረር ብቻ ኖሮ ጉልበቱ ካልቀነሰ ግን ለጥቂት ሳምንታት በክትትል መጠበቅ ይቻላል፤ የወጣ ዲስክ በብዙ ሰዎች ላይ በጊዜ ብዛት ራሱ ይሟሽሻል።

ከፍ ካለ ቦታ የወደቀን ወይም የመኪና አደጋ የደረሰበትን ሰው በሚመለከት ደግሞ አንድ ነገር እንለምናችሁ፦ አጥፋችሁ ባጃጅ ውስጥ አታስገቡት። የተሰበረ አንጓ ሲታጠፍ ህብለ ሰረሰርን ሊቆርጥ ይችላል። ጭንቅላት፣ አንገትና ወገቡ በአንድ መስመር እንደሆነ ለብዙ ሆናችሁ አንሱት፤ ጠንካራ ጣውላ ላይ አስተኙት፤ ወይም አምቡላንስ ጥሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የአምቡላንስ ጥሪ 907 ነው። አጥንታቸው የሳሳ እናቶች ግን ከፍታም አያስፈልጋቸውም፤ ከመደብ ላይ ተንሸራተው መውደቃቸው ብቻ አንጓ ሊሰብር ይችላል።

አገራችን ውስጥ ሊረሳ የማይገባው

ከውጭ አገር ጽሑፎች ተተርጉሞ የሚቀርበው የወገብ ህመም ምክር አንድ ነገር ይጎድለዋል ብለን እናምናለን፤ ቲቢ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ ደግሞ የሳንባ ብቻ አይደለም፤ ከአጥንት ሁሉ አብዝቶ የሚያጠቃው አከርካሪን ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. ስለ ገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ "የፖት በሽታ" ይባላል።

የአከርካሪ ቲቢ ዝምተኛ ነው። ህመሙ ቀስ ብሎ ይጀምርና ለወራት ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ ከወገብ ከፍ ብሎ መሐል ጀርባ ላይ ነው፤ ማረፍ አያስታግሰውም፤ ሌሊት ይብሳል። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ክብደት ይወርዳል፤ የማታ ላብና ቀለል ያለ ትኩሳት ይኖራል። ሳል ላይኖር ይችላል፤ ብዙዎች የሚዘናጉትም በዚህ ነው። በሽታው አንጓዎቹን እየበላ ሲሄድ ጀርባ ላይ ሹል ጉብታ ይወጣል፤ መግሉ ህብለ ሰረሰርን ሲጫን ደግሞ እግር ይገተራል፣ መራመድ ያቅታል። እናት ልጇን ስታጥብ ጀርባው ላይ ቀድሞ ያልነበረ ጉብታ ካየች፣ ወይም ልጁ መሮጥ ትቶ ጀርባውን ገትሮ መሄድ ከጀመረ፣ ሐኪም ይየው። በጠቅላላው፣ ሕፃን ልጅ ለሳምንታት ጀርባዬን ካለ እንደ አዋቂ "ያልፋል" አይባልም።

ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ ላይ የሠራው አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ ጀርባቸው እጅግ የጎበጠ ልጆችንና ወጣቶችን ጋና ወደሚገኘው የዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ሆስፒታል እየላከ በማሳከም ይታወቃል። ከእነዚያ ታካሚዎች መሐል በአከርካሪ ቲቢ የጎበጡም አሉ። አንጓው ሳይፈርስ በፊት ቢደረስበት ኖሮ ግን ብዙው በክኒን የሚድን በሽታ ነው። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ለአጥንት ቲቢ ከ9 እስከ 12 ወር ያህል ይወሰዳል። ሲሻላቸው በሦስተኛው ወር የሚያቋርጡ አሉ፤ ቲቢው መድኃኒት ተላምዶ የሚመለሰው እንዲህ ነው።

የሱ ታናሽ ወንድም ብሩሴሎሲስ ነው። ከፍየል፣ ከላምና ከግመል ባልፈላ ወተት ይተላለፋል፤ ከብት የሚያዋልዱና የሚያርዱ ሰዎችንም ያገኛል። የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ህመም ያመጣል። በአርብቶ አደር አካባቢዎቻችን ጥሬ ወተት መጠጣት የኖረ ልማድ ስለሆነ፣ ከዚያ የመጣ ወይም እዚያ የከረመ ሰው ይህንን ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ይንገር። የሚታከመው ቢያንስ ስድስት ሳምንት በሚወሰዱ ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች ነው፤ አከርካሪ ከገባ ጊዜው ይረዝማል። ወተቱን ማፍላት ግን ከሁሉም ይቀላል።

ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረና የማይለቅ ህመም፣ ቀድሞ ካንሰር የታከመ ሰው ህመም፣ ስኳር ያለበት ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ትኩሳት የቀላቀለ ህመም በዚያው ሳምንት መታየት አለበት።

ሶላታችን የሚነግረን

ወገብ በቀን አምስት ጊዜ ይፈተሻል ማለት እንችላለን። ዲስክ ያስቸገረው ሰው በአብዛኛው ሩኩዕና ከሱጁድ በኋላ ያለው መቀመጥ ያሠቃየዋል፤ ቆሞ ሲቆይ ይቀለዋል። በዕድሜ የገፉና የአከርካሪያቸው ቦይ የጠበበባቸው አባቶች ግን ተቃራኒውን ይነግሩናል፤ ቂያሙ ሲረዝም እግራቸው ይዝላል፣ ይደነዝዛል፤ ሩኩዕ ሲወርዱ እፎይ ይላሉ። ወደ መስጂድ ሲሄዱም መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆም ብለው ወይም ተቀምጠው ካላረፉ አይደርሱም፤ ከዘራ ተደግፈው ጎንበስ ሲሉ ይሻላቸዋል። ይህ የእርጅና ድካም ብቻ አይደለም፤ ሕክምና ያለው ነገር ነው። የሚራመዱት ርቀት ከወር ወር እያጠረ ከሄደ ስፔሻሊስት ይያቸው።

ሦስተኛው ዓይነት ወጣቶችን ይመለከታል። ከ40 ዓመት በታች ሆኖ ከሦስት ወር በላይ የቆየ፣ ለፈጅር ሲነሱ ወገብን ከግማሽ ሰዓት በላይ እንደ እንጨት የሚያደርቅ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚለቅና ሲያርፉ የሚብስ ህመም የዲስክ ላይሆን ይችላል። የመገጣጠሚያ ብግነት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ አልፎ አልፎ ዓይን አቅልቶ ማሳመምም አብሮት አለ። ይህ የሩማቶሎጂ ሐኪም፣ እሱ ከሌለም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ሥራ እንጂ የቀዶ ሕክምና አይደለም።

ቆሞ መስገድ ለማይችል ተቀምጦ፣ ያንንም ለማይችል በጎኑ ሆኖ መስገድ እንደተፈቀደ ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን መንገራቸው ቡኻሪ ዘግበውታል። ስለዚህ ወገቡን የሚጎዳው ሰው ራሱን እያሠቃየ ሱጁድ መውረድ የለበትም። መቆም እየቻለ ሩኩዕና ሱጁድ ብቻ የሚከብደው ሰው እንዴት እንደሚሰግድ ዝርዝሩን ዓሊም ይጠይቅ።

የትኛው ሐኪም?

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ነው። ይህ ማባከን ሳይሆን መንገድ መቁረጥ ነው፤ ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያለው ሰውም ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል ቢሄድ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ምልክት የሌለው ህመም ስድስት ሳምንት ተሞክሮ ካልተሻለ፣ ወይም ሥራና እንቅልፍ ከነሳ፣ ስፔሻሊስት መጠየቅ ተገቢ ነው። የነርቭ ቀዶ ሐኪምም የአጥንት ቀዶ ሐኪምም አከርካሪ ያያሉ፤ ከሁለቱ የተሻለው ብዙ አከርካሪ የሚሠራው ነው። ቀዶ ሕክምና ለማያስፈልገው ብዙኃኑ ግን ትልቁ ባለሙያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ነው። እሱን እንደ ሁለተኛ ደረጃ ማየታችን አይገባንም።

ኤምአርአይን በተመለከተ አንድ ቁጥር እንስጥ። ምንም ህመም የሌላቸው ሰዎች የተነሱት ምስል ተሰብስቦ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲታይ፣ በ20ዎቹ ዕድሜ ካሉት 37 ከመቶ፣ በ80ዎቹ ካሉት 96 ከመቶ የሚሆኑት ያረጀ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ህመም የላቸውም ግን! "ዲስክ ወጥቷል" የሚል ወረቀት ብቻውን የቀዶ ሕክምና ትእዛዝ አይደለም ማለት ነው። ምስሉ የሚጠቅመው ከላይ ያየናቸው ምልክቶች ሲኖሩ፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው። ድንገተኛ ምልክት ሳይኖር ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሰው "ባልሠራው ምን ይሆናል? የሚሻለኝ የወገቤ ህመም ነው ወይስ የእግሬ?" ብሎ ይጠይቅ፤ ሌላ ሐኪምም ያማክር። የዲስክ ቀዶ ሕክምና ወደ እግር የሚወርደውን ህመም ሲያስታግስ የወገቡን ግን ብዙ ጊዜ ሊተወው ይችላል።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ለጡንቻ ህመም ቀለል ያለ እሽት የሚያሳርፈው ሰው አለ። በቲቢ የሳሳ ወይም የተሰበረ አንጓን መጠምዘዝና መርገጥ ግን እግር ሊያሳጣ ይችላል። ሒጃማም ቢሆን ንጹሕ ምላጭ ይፈልጋል፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሳያማክር አያድርግ፤ የተጫነ ነርቭንም አያላቅቅም። ከፋርማሲ እየተገዛ የሚወጋ ዳይክሎፌናክ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ በረመዳን ባዶ ሆድ ላይ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ስቴሮይድ ያለበት መርፌ ኢንፌክሽንን ለጊዜው ደብቆ ያሳድገዋል።

በዐረብ አገራት በቤት ሥራ ላይ ያላችሁ እህቶች ምንጣፍና የውኃ ጠርሙስ ስትሸከሙ፣ አልፎም ከፎቅ ስትወድቁ የሚደርስባችሁን እናውቃለን። ሽንት ማምለጥ ወይም እግር መዛል ካለ አሠሪ "ነገ" ቢልም ዛሬ ነው። የአምቡላንስ ጥሪ በሳዑዲ 997፣ በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች 998 ነው። ዐረብኛው ካልመጣላችሁ የሽንትና የእግርን ነገር በእጅ እያሳያችሁም ቢሆን ንገሯቸው።

ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ይህን ጻፉ፦ ህመሙ የጀመረበት ቀን፤ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያብሰውና እንደሚያቀለው፤ ወደ እግር ከወረደ እስከ ጭን ነው ወይስ እስከ ጣት፤ ትኩሳት፣ የማታ ላብ፣ የክብደት መቀነስ ካለ፤ ሽንትና ሰገራ እንዴት እንደሆነ፤ የወሰዳችሁት መድኃኒት ሁሉ፣ መርፌና የባህል መድኃኒትም ጭምር፤ ቤት ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው ካለ። የድሮ ራጅና የኤምአርአይ ፊልም ካላችሁ አብራችሁ ያዙት፤ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙን።